ከክሩ በታች

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ጥር 12

ይድረስ ለልጆቼ አባት፤

«ውዴ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ እዚያ ማን ምን እያለ እንደሚጠራህ ስለማላውቅ ተውኩት። እንደምን ሰንብተሃል? እኛ ደህና ነን። እኔ ጉልበቴን ትንሽ ያመኛል እንጂ ስፌቴን አላቋረጥኩም። የመርፌ ቀዳዳ ግን ያለመነጽር አልታይ ብሎኛል።

ትልቋ ልጅህ ካንተ ዘንድ እንደተመለሰች፣ ገና ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ «እማዬ፣ አባዬ እኮ መጠጥ ተወ» አለችኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ አይደል? እኔ ግን አፌ ላይ የመጣልኝ «ማን አስተወው?» የሚል ነው። እሷም የዋህ ናትና፣ አከራይህ ነርሷ ቤቱን ስታሳይህ «እዚህ ግቢ መጠጥ አይገባም» እንዳለችህ፣ አንተም «እሺ» ብለህ እንደገባህ አጫወተችኝ። እሺ! እኔ ስለምንህ፣ ስቆጣህ፣ ሳለቅስብህ ኖሬ ይቺን ቃል ካንደበትህ ሰምቻት አላውቅም።

ቀናሁ። ምን እደብቅሃለሁ፣ አንጀቴ እስኪቃጠል ቀናሁ። እኔ የሰካራሙን ካልሲ ሳጥብ ኖሬ፣ እሷ ማለዳ ተነስቶ እጁ ሳይንቀጠቀጥ የእንጨት መላጊያውን የሚጨብጥ ባል፣ ኧረ ባልስ አልልም፣ ተከራይ አገኘች። ምን ያለች ዕድለኛ ናት እባክህ?

በወጣትነታችን እኮ እኔም መጠጥ አልጠላም ነበር። የደመወዝ ቀን ቢራ ይዘህ ስትመጣ ካንተው ብርጭቆ ፉት እያልኩ፣ በቀልድህ እንባዬ እስኪወርድ እስቅ ነበር። ጎረቤቱም «ተጫዋች ባል አገኘሽ» ይለኝ ነበር። ልጆች መጡ፣ ጸጉርህ ሸበተ፣ ቀልድህ ያው ነው፤ ያው ጎረቤት ግን «ሰካራሙ አናጢ» ይልህ ጀመር። እኔም አብሬያቸው ተለወጥኩ። የዛሬ ልጆች ደግሞ ሌላ ናቸው። በትልቋ ልደት ጓደኞቿ ለስላሳ እየጠጡ ሲጨፍሩ አመሹና ወይኑን ለእኔ ቀዱልኝ፤ «ላንቺ እንኳ አንድ ብርጭቆ ምን አላት» እያሉ። እናቴ ብታይ ጉድ ትል ነበር። በእሷ ጊዜ ሴት ብትጠጣ እንኳ ከበር ጀርባ ነው።

ክሩን መቼም አትረሳውም። የአረቄ ጠርሙስህን ከመደርደሪያ አውርጄ፣ መጠጡ በደረሰበት ልክ ቀይ ክር አስርበት ነበር፤ ቢጎድል እንዳውቅ። አንተ ደግሞ ከጠጣህ በኋላ እስከ ክሩ ድረስ ውሃ ትሞላበታለህ፣ እኔ የማላውቅ መስሎህ። መጠጡ እየቀጠነ እየቀጠነ ሄዶ ውሃ ብቻ ቀረ። «ዛሬስ ምነው አልይዝ አለኝ» ስትል ተኳርፈን ሳለን እንኳ ጓዳ ገብቼ ሳቄን ለቀቅሁት።

«ወይ ጠርሙሱ ወይ እኔ» ያልኩህ ቀን ግን የሳቀ አልነበረም። መጋዝና መዶሻህን ሰብስበህ ወጣህ። ጠርሙሱን እንኳ አልወሰድከውም፤ ሁለታችንንም ትተኸን ሄድክ።

ልጅህ ፎቶ አምጥታለች። አንተ ጠረጴዛ ቀርበህ ተቀምጠሃል፣ ነርሷ ከኋላህ ቆማለች። የቀሚሷ ጫፍ በአንድ ጎኑ ረዝሟል፤ ይህን የምለው እንደ ልብስ ሰፊ ነው እንጂ በክፋት አይደለም። «የአባዬ ሥራ በዚህ ወር ያልቃል፤ እዚሁ ልቅር ወይስ ልመለስ እያለ ያመነታል» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ፎቶውን አነሳዋለሁ፣ አስቀምጠዋለሁ፣ ዓይኔ ከዚያች ሴት ላይ አልነሳ ይለኛል።

ዛሬ ቀሚሷን ደህና አድርጌ ልታዘበው ብዬ የስፌት መነጽሬን አደረግሁ። ያኔ ነው ፊትህ ያለውን የውሃ ጠርሙስ ያየሁት። ወገቡ ላይ ቀይ ክር ታስሯል።

ማነው ያሰረው? እሷ ከሆነች ንገረኝና እርሜን ላውጣ። ግን አይመስለኝም። ቋጠሮው ያንተ ነው፤ የጫማህን ማሰሪያ ስትቋጥር የማውቀው ያ ዝርክርክ ቋጠሮ። እንግዲያው «እሺ» ያልከው ለማን እንደሆነ አንተው ንገረኝ።

እኔም የምነግርህ አለኝ። አመሻሽ ላይ ስፌቴን ሳጥፍ አንዲት ብርጭቆ ወይን መቅዳት ጀምሬያለሁ። በዚህ ዕድሜዬ፤ እንግዲህ ሳቅብኝ። እንዳይበዛብኝ ብዬ ጠርሙሴ ላይ ክር አስሬያለሁ። ወይኑን ግን ሁልጊዜ ከክሩ በታች ሆኖ አገኘዋለሁ። ውሃ ሞልቶ የሚያታልለኝ ሰው የለም።

ለአከራይህ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ የቀሚሷን ነገር ግን እንዳትነግራት። ፈጣሪ ጤናህን ይጠብቅልህ፣ እጅህን ይባርክልህ። መንገድህንም ያቅናልህ፤ ወደዚህ ከሆነ።

የልጆችህ እናት