ማሽኑን ማን ያጥፋ

ይድረስ ለማከብርህ፣ ለምትናፍቀኝ፣ ሰሞኑን ደግሞ በጣም ለምቀናብህ ወንድም ጋሼ፤

ጤናህ እንዴት ነው? ያ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የሚውለው ወገብህስ ተሻለው? ባለቤትህ ደኅና ናት? ትልቋ ልጅህ አዲሱን ትምህርት ቤት ለመደችው? ጥርሱ የወለቀው ትንሹስ አዲስ አበቀለ ወይስ አሁንም በድዱ ነው የሚስቀው? እኛ ደኅና ነን። እማማን ጉልበቷን ያማታል፤ ግን ተቀመጪ ቢሏት መች ትሰማለች። አባባ ደኅና ናቸው። እኔም አለሁ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን ይሠራል ትል ይሆናል። በስልክማ እንዴት አድርጌ? ገና ስትደውል አባባ «ድምፁን አጉይው፣ ሁላችንም እንስማ» ይላሉ፤ ይህ ደግሞ እሳቸው እንዲሰሙት የማልፈልገው ነገር ነው። ስለዚህ አንብበህ ስትጨርስ በሆድህ ያዘው።

ነገሩ የላክኸው ኮምፒውተር ነው፤ ያ ቴሌቪዥኑ ሥር የሚቀመጠው፣ ዳቦ የሚያህለው ጥቁር ሣጥን። ሲኒማ ቤቱ ከተዘጋ ወዲህ አባባ ግድግዳ ሲያዩ ነበር የሚውሉት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ፊልም ማሳያ ማሽን አጠገብ ለቆመ ሰው ይህ ከባድ ነው። አንተ አስበህ ላክህላቸው፤ እግዜር ይስጥህ። ግን ሣጥን ራሱን በራሱ አይተክልም። ግድግዳውን የበሳሁት እኔ ነኝ። ኬብሉን በምንጣፉ ሥር የጎተትኩት እኔ ነኝ። ፎቶ ኮፒ ቤት ሳምንቱን ሙሉ ቆሜ ውዬ፣ የዕረፍት ቀኔን ሰውቼ ሁለት መቶ አሥራ አራት ፊልም አንድ በአንድ የጫንኩት፣ ለአባባ ዓይን ብዬ ፊደሉን የሱቅ ማስታወቂያ እንዲያክል ያደረግሁትም እኔው ነኝ። አባባ ግን እንግዳ በገባ ቁጥር ሣጥኑን መታ መታ እያደረጉ «ይቺን ልጄ ከዚያ ድረስ ላከልኝ» ይላሉ። አጠገቡም ያንተን ፎቶ አቁመዋል። እኔ የሻይ ትሪ ይዤ ቆሜ እሰማለሁ።

መጀመሪያ ላይ ድምፅ እንቢ ብሎ እንደነበር ታስታውሳለህ። ሥዕሉ አለ፣ ሰዎቹ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ድምፅ ግን የለም። ሁለት ቀን ለፍቼ ደረስኩበት። ድምፁ ወደ ቴሌቪዥኑ መሄዱን ትቶ ጆሮ ማዳመጫ ወደሚሰካበት ቀዳዳ ነበር የሚሄደው። ማስተካከያው ውስጥ ገብቼ መንገዱን ቀይሬ ገና እጄን ሳላነሣ አንተ ደወልክ። «ኬብሉን ንቀይና መልሰሽ ሰኪው» አልከኝ። በዚያው ቅጽበት ድምፁ መጣ። አባባ ከወንበራቸው ብድግ ብለው «አየሽ፣ እዚያ ሆኖ አስተካከለው» አሉ። እኔ «ገና አልነቀልኩትም» ብል ማን ይስማኝ። አንተ ሳቅህና ዝም አልክ። ያቺን ዝምታህን ነው ያልረሳኋት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ዋናው ጣጣ መጣ። ሣጥኑ ሲከፈት ጥቁር ገጽ ላይ ነጭ ጽሑፍ ይደረድርና ቀጥ ይላል። እንደምንም ሲነሣም የፊልሞቹ ዝርዝር ባዶ ነው። እንደገና ጫንኩት። በሳምንቱ ያው ሆነ። ሜሞሪውን አውጥቼ በላጲስ ጠረግሁ፣ ዲስኩን መረመርኩ፣ ኬብል ቀየርኩ፤ ወይ ፍንክች። ለሦስተኛ ጊዜ ጭኜ ስጨርስ አባባ ላንተ ደወሉ፤ አንተም «እሷ ነካክታው ይሆናል» አልክ። ስልኩ ጎልቶ ስለነበር በጆሮዬ ሰማሁህ። አባባ ከዘጉ በኋላ ቀስ ብለው «ከእንግዲህ ወንድምሽ እስኪመጣ ማሽኑን አትንኪ» አሉኝ።

እርር ድብን አልኩ። ልጆች ሳለን እሑድ እሑድ አንተን ማሽን ክፍል ይዘውህ ሲወጡ፣ እኔ ታች ቲኬት ቆራጩ አጠገብ ተቀምጬ እጠብቃችሁ ነበር። ሴት ልጅ እዚያ አትወጣም ተብዬ ነው። ይኸው ሠላሳ አራት ዓመት ሞላኝ፤ አሁንም ታች ነኝ።

ታዲያ ባለፈው ሐሙስ ፎቶ ኮፒ ቤት ቀለም አለቀና ቀድመን ዘጋን፤ እስከ ሰኞም ሥራ የለም። አባባ ፊልም የሚያሳዩት እንደ ድሮው ልክ በአሥር ሰዓት ነው፤ እሑድ ብቻ ያርፋሉ። ታዳሚው እሳቸውና ያው የድሮው ቲኬት ቆራጭ ናቸው፤ ሰውዬው ዛሬም በሩ አጠገብ ካልሆነ አይቀመጡም። እኔ ሥራ ላይ ስለምሆን ፊልም ሲያልቅ ቤት ተገኝቼ አላውቅም ነበር። የዚያን ቀን ግን ደረስኩና ከሳሎኑ በር ቆሜ አየሁ። አባባ የተዋንያኑ ስም አልፎ እስኪያልቅ ጠበቁ። ተነሡ። መዳፋቸውን ሣጥኑ ጀርባ ላይ አሳርፈው ትንሽ ቆዩና «በርዳለች» አሉ፤ የሲኒማ ቤቱንም ማሽን ሙቀቷ መብረዱን በእጃቸው ሳያረጋግጡ አያጠፏትም ነበር። ከዚያ ጎንበስ ብለው ሶኬቱን ከግድግዳው ነቀሉት።

በሪሞት እንዴት እንደሚዘጋ ሦስት ጊዜ አሳይቻቸዋለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ «ገብቶኛል» ብለውኛል። ግን ሣጥኑ ተዘግቶም ፊቱ ላይ ትንሽ ሰማያዊ መብራት ትቀራለች፤ ለአባባ ደግሞ መብራት እያለ ማሽን ጠፋ አይባልም። ያን ሁሉ ዓመት ዋናውን ማጥፊያ በገዛ እጃቸው ሳያወርዱ ቤት ገብተው አያውቁም፤ ለሌላ ሰውም አስነክተው አያውቁም። ኮምፒውተሩ ሥራውን ሳይጨርስ በየቀኑ እንዲህ ሲነቀል ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ተበላሸ። ጣጣው ይኸው ነበር።

ወዲያው ስልኬን አወጣሁ። ላንተ ደውዬ፣ ድምፁን አጉልቼ፣ አባባ ፊት «ማን እንደነካካው ስማ» ልልህ ነበር። ጣቴ ቁጥርህ ላይ ነው። አባባ የነቀሉትን ገመድ አቧራውን በእጅጌያቸው ጠርገው፣ በሥርዓት ጠቅልለው ሲያስቀምጡት አየሁ። አንጀቴን በሉት። እኚህን ሰው ማሽን አበላሹ ብሎ መናገር አልሆነልኝም።

በማግስቱ ፀጉራቸውን ሊስተካከሉ ሲወጡ ጠብቄ፣ ትእዛዛቸውን ጥሼ ሣጥኑን ፈታሁት። ከማብሪያው ሁለት ቀጭን ሽቦ አወጣሁና ከአንድ ትልቅ ቀይ ቁልፍ ጋር አገናኝቼ ወንበራቸው አጠገብ ግድግዳው ላይ ተከልኩት። አንዴ ሲጫኑት ሣጥኑ ሥራውን ጨርሶ ራሱ ይዘጋል። ሶኬቱን ወደ ቡፌው ጀርባ አዛወርኩት፤ ሰማያዊዋንም መብራት በጥቁር ፕላስተር ሸፈንኳት። ሲመለሱ «አባባ፣ ዋናው ማጥፊያ ከዛሬ ጀምሮ ይኼ ነው» አልኳቸው። ቀዩን ቁልፍ አዩ። ሶኬቱ የነበረበትን ቦታ አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ። እንደገባቸው አወቅሁ።

ትናንት ቅዳሜ የአሥር ሰዓቱን ፊልም እኔም አብሬ አየሁ። ሲያልቅ ቲኬት ቆራጩ ለመሄድ ተነሡ። አባባ ግን ከወንበራቸው አልተነሡም። ስሙ ሁሉ አልፎ እስኪያልቅ ጠብቀው፣ ወደ እኔ ሳይዞሩ፣ «በይ፣ አንቺ አጥፊያት» አሉኝ።

ቲኬት ቆራጩ ባርኔጣቸውን በእጃቸው እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። እኔ መዳፌን ሣጥኑ ጀርባ ላይ አሳረፍኩ፤ አባባ የሚቆዩትን ያህል ቆየሁ፤ «በርዳለች» አልኩና ወደ ወንበራቸው ተመልሼ ቀዩን ቁልፍ ተጫንኩት።

ሰማኸኝ ወንድም ጋሼ? አንተ ማጥፊያውን አንዴ ላውርድ ብለህ ስንት እሑድ ለመንካቸው? እጅህን መትተውህ እያለቀስክ የወረድክ ዕለት ከረሜላዬን ያካፈልኩህ እኔ ነኝ። እንግዲህ አንተም ትንሽ ቅና። ዕድሜዬን ሙሉ እኔ ብቻ ልቅና?

እማማ ሁለት ጉንጭህን ሳሚልኝ ብላለች። ቲኬት ቆራጩ ሰላም ይሉሃል። የአባባን ሰላምታ ራሳቸው ደውለው ስለሚነግሩህ እኔ አልደክምበትም። ባለቤትህን እቀፍልኝ። ትልቋን አክስትሽ ደብተርሽን ማየት ትፈልጋለች በላት፤ ትንሹን ጥርሱ እስኪበቅል ድረስ እንዲስቅ ንገርልኝ። ፎቶህ ከሣጥኑ አጠገብ አልተነሣም፤ አቧራውንም እየጠረግሁልህ ነው። ስትመጣ ግን ፊልሙ ሲያልቅ ከወንበርህ እንዳትነሣ።

የምትወድህ እህትህ

ከአባባ ሳሎን፣ ከቀዩ ቁልፍ አጠገብ
እሑድ ጠዋት፣ ወሩ በገባ በዘጠነኛው ቀን