ውሾቹ የሚያውቁት ድምፅ

ውድ እህቴ ኮራሊ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ይህ ይግባሽ፦ እንዳርመው የላክሽልኝን የሕይወት ታሪክሽን ረቂቅ ክሌም አንብቦታል። «ለእሱ እንዳታሳዪው» ብለሽ በትልልቅ ፊደል ጽፈሻል፤ ግን የጻፍሽው ፖስታው ውስጥ ነው። በዚህ ቤት ፖስታ የሚቀበለው ወንድማችን ነው። የእጅ ጽሑፍሽን አይቶ ሳይከፍተው እንደማይቀር ማወቅ ነበረብሽ።

ዕድሜዬን ሙሉ መስማት የማይችሉ ልጆችን ሳስተምር ትዕግሥቴ እንዲህ ተፈትኖ አያውቅም። እስከ ስምንተኛው ምዕራፍ ያለውን ውሸት ለምጄዋለሁ። ዕድሜሽን በአምስት ዓመት ቀንሰሻል፤ እሺ፣ የተዋናይ ልማድ ነው። በፈረስ ከገደል ወደ ወንዝ የዘለልሽው ራስሽ እንደሆንሽ ጽፈሻል፤ ጢሙን ተላጭቶ ቀሚስሽን የለበሰው ከብት ነጂው ሬጅ እንደነበር ግን በቀረጻው ላይ የነበረ ሁሉ ያውቃል። አዞውን ሰርዤዋለሁ። ኮራሊ፣ ኔፒያን ወንዝ ውስጥ አዞ የለም!

ይህ ሁሉ አንቺን ከፍ የሚያደርግ ውሸት ነው። ዘጠነኛው ምዕራፍ ላይ ስደርስ ግን እርሳሴን አስቀመጥኩ። «ድምፅ ያለው ፊልም ሲመጣ አሰናበቱኝ፤ ድምፄ እንደ በቀቀን ጆሮ የሚሰቀጥጥ ነበርና» ይላል።

እኔ እኮ እዚያው ነበርኩ! ሲድኒ ለድምፅ ሙከራ አብሬሽ ሄጃለሁ። ዳይሬክተሩ አንብበሽ እስክትጨርሺ ሰምቶሽ፣ «የእኔ እመቤት፣ እስከ ዛሬ አፍሽን ማዘጋታችን ኃጢአት ነው» ብሎ ውሉን ፊትሽ ሲያስቀምጥ፣ ኮትሽን ይዤ ቆሜ ነበር። «እስከ ሰኞ ላስብበት» አልሽው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሦስታችንም አዲሱን ባለ ድምፅ ፊልም ልናይ ገባን። እስከዚያን ቀን ድረስ ፊልም ድምፅ አልባ ሆኖ ንግግሩ ሸራው ላይ በጽሑፍ ይወጣ ስለነበር፣ ክሌም ጆሮው ባይሰማም ሲኒማ ቤት ውስጥ ከማንም አያንስም ነበር። እንዲያውም ይበልጥ ነበር፤ ሌላው ጽሑፉን ብቻ ሲያነብ እሱ ከንፈርም ያነባል። በፍቅረኛሽ ክንድ ላይ የሞትሽበት ፊልም ትዝ ይልሻል? ጽሑፉ «ደህና ሁን ውዴ» ሲል፣ ድምፅሽ ስለማይቀረጽ ከንፈርሽ «ክሌም፣ ብርቱካኔን እንዳትበላ» ይል ነበር። ሰው ሁሉ እያለቀሰ እሱ በሳቅ ፈነዳ። ከኋላው የተቀመጡት ሴትዮ «ስድ! ሰው እየሞተ ትስቃለህ?» ብለው በጃንጥላ አቀመሱት።

የዚያን ቅዳሜ ግን ሰው በሳቀ ቁጥር ዞር እያለ የእኛን ፊት ያይ ነበር። ሸራው ላይ ጽሑፍ የለም፤ ተዋናዮቹም ጀርባቸውን ሰጥተው ያወራሉ። ፊልሙ ሳይጋመስ ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ።

ሰኞ ዕለት ሳህን እያጠብን፣ «ውሉን መልሼዋለሁ» አልሽኝ።

«አብደሻል እንዴ?»

«እሱ ሊከታተለው ያልቻለውን ፊልም ማን ይይልኝ?»

«እንግዲያው ለምን እንደተውሽው ይወቅ፤ እነግረዋለሁ።»

«ትንፍሽ ብትዪ፣ ሄስተር፣ እህቴ አይደለሽም! በእኔ የተነሣ ነው እያለ ዕድሜውን ሙሉ ሲያፍር ይኑርልሽ?»

ይኸው ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆነን። አንቺ ማንሊ ከተማ ባርኔጣ ስትሸጪ አረጀሽ፤ እኔ ዝም ስል አረጀሁ።

ባለፈው እሑድ ክሌም ረቂቁን ይዞ ድንች የምልጥበት ወጥ ቤት ገባ። ወረቀቱን ድንቹ ላይ ዘርግቶ በእጆቹ ጠየቀኝ።

«የኮራሊ ድምፅ መጥፎ ነበር?»

እጄ እርጥብ ነው ለማለት ከፍ አድርጌ አሳየሁት።

«ውሸቷን ነው» አለ። «እሷ ስትጠራቸው ውሾቻችን ከወንዙ ማዶ እየበረሩ ይመጡ ነበር። አንቺ ስትጠሪያቸው ቀና ብለው እንኳ አያዩሽም።»

ይህ እውነት ነው፤ አልከራከርም።

«ታዲያ ለምን ተወችው?»

ድንቼን ላጥኩ። ቆሞ አየኝ፣ አየኝና ሁለቱንም እጆቹን ኪሱ ከተታቸው። ከዚያ ወዲህ ለመብላትና ዶሮዎቹን ለመመገብ ካልሆነ አያወጣቸውም። ከእጅ ሌላ አንደበት ለሌለው ሰው ይህ ምን ዓይነት ዝምታ እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ክሌም ሕፃን አይደለም፣ ኮራሊ። ሽማግሌ ሆኗል፤ ከእኔም ከአንቺም የተሻለ ያስተውላል። እንዳያፍር ብለሽ የዋሸሽው ውሸት፣ ሁለት እህቶቹ እንደ ሞኝ እንደሚቆጥሩት ነው የነገረው። እኔ ልነግረው እችል ነበር፤ ግን ሥራሽን የተውሽለት አንቺ ስለሆንሽ ከአንቺ ይስማው። ከፈለግሽ አዞውን እመልስልሻለሁ፤ ከገደሉም ዝለዪ፣ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ዘጠነኛውን ምዕራፍ ግን እንደሆነው አድርገሽ ጻፊው፤ አሳታሚው ሳያየው በፊትም ለእሱ ላኪለት።

ፖስታው ላይ የእኔን ስም እንዳትጽፊ፤ የእሱን ጻፊ። ጠዋት ጠዋት እጁን ኪሱ ከቶ በር ላይ ፖስተኛውን ይጠብቃል። ፖስታ ለመክፈት መቼም እጁን ማውጣቱ አይቀርም። እባክሽ ቶሎ መልሺለት።

እህትሽ ሄስተር፣
ከባተርስት