የጋሽ ወልደሰንበት ሸክላዎች

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 6 ቀን 1977፣ ሆሳዕና

የአራተኛ ክፍልን ደብተር አርሜ ጨረስኩ። ጠመኔ አልቋል፤ ነገም ያለ ጠመኔ ነው። ስመለስ የጋሽ ወልደሰንበት ሱቅ ግማሽ በሩ ተዘግቶ አየሁ። ጎረቤታቸው አስናቀች እንደነገረችኝ ዓይናቸው ደክሟል። ልጃቸው ቅዳሜ ጠቅልላ አዲስ አበባ ልትወስዳቸው ነው። እኔ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ አላመሰገንኳቸውም... በምን? በዘፈን ሸክላዎቹ ነዋ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 7

ቀኑን ሙሉ ዘፈኑ አፌ ላይ ነበር።

በ1964 ነው፣ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ። ጋሽ ወልደሰንበት በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ሸክላ ማጫወቻ ባንኮኒው ላይ አስቀምጠው ሶል የሚባለውን የጥቁር አሜሪካውያን ዘፈን ያጫውቱ ነበር። እኔና ጓደኛዬ ገነቴ ከትምህርት ቤት ስንወጣ በራቸው ላይ እንተከላለን። የአንዱ ዘፋኝ ድምፅ ይሰነጠቅና መልሶ ይገጥማል፤ ሴቶች ከኋላ ይቀበሉታል። ከቃሉ የምናውቀው "ቤቢ" የምትለዋን ብቻ ነበር። ቢሆንም እየለመነ መሆኑ ይገባናል። ማንን ነው የሚለምነው? በዚህ ስንት ቀን ተጣላን።

አንድ ቀን አባባ መጡብኝ። የጸሎት ቤታችን የመዘምራን መሪ ናቸው፤ ዓለማዊ ዘፈን ቤታችን አይገባም። አለቀልኝ አልኩ። እሳቸው ግን ዘፈኑ እስኪያልቅ ቆሙ።

"ይሄ ዘፋኝ ጸሎት ቤት ነው ያደገው" አሉ። ከዚያም ወደ ቤት ወሰዱኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 8

ከክፍል በኋላ ሄድኩ። መደርደሪያው ባዶ ነው። ጋሽ ወልደሰንበት የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ። የአቶ ጴጥሮስ ልጅ፣ አስካለች አልኳቸው። ስለ ሸክላዎቹ ላመሰግን መምጣቴን ነገርኳቸው። ሺንሺቾ ተመድቤ ብቻዬን የኖርኩባቸውን ሁለት ዓመታት እነዚያን ዘፈኖች እያንጎራጎርኩ መግፋቴንም። 

"በእነዚያ ሸክላዎች ወቀሳ እንጂ ምስጋና ሰምቼ አላውቅም" አሉ።

ለካ ሽማግሌዎች ልጆቻችንን አበላሸህብን ብለው መጥተውባቸው ነበር። ማጫወቱን ያኔ ተዉት። በኋላ አብዮቱ ሲመጣ ሸክላዎቹን ቀበሌ ወሰዳቸው።

"አባትሽም ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነበሩ።"

አባባ?

ዓርብ፣ ጥቅምት 9

ጠየቅኳቸው። ጓሮ እንሰት ሲኮተኩቱ ነበር። አልካዱም። የመዘምራን ልጆች ልምምዱን ትተው እዚያ በር ላይ ይቆሙ እንደነበር ነገሩኝ።

"ዘፈኑ መጥፎ ስለሆነ አይደለም የሄድኩት" አሉ። "ጥሩ ስለነበረ ነው። ቀናሁ።"

ጸሎት ቤታችን በመንግሥት ከታሸገ ሁለት ዓመት ሆነው። ከዚያ ወዲህ አባባ ሲዘምሩ ሰምቼ አላውቅም። ዝም በል መባል ምን እንደሆነ አሁን እሳቸውም ያውቁታል... ይህን አላልኳቸውም። ዶማውን አስቀምጠው እጃቸውን ታጠቡ። እንሂድ አሉ።

ሱቁ ውስጥ ኮፍያቸውን አወለቁ። "ወልደሰንበት፣ በድዬሃለሁ። ይቅር በለኝ።"

ጋሽ ወልደሰንበት በእጃቸው ዳብሰው የአባባን ትከሻ አገኙ። "ይቅር ለእግዚአብሔር" አሉ። ቀጥለውም፣ "እንግዲያው ሳልሄድ አንድ ዘምርልኝ።"

አባባ በሩን አዩ። መንገዱን አዩ። ከዚያ በሀዲይኛ ጀመሩ፣ በቀስታ። መጀመሪያ ድምፃቸው አልወጣ አለ። ጉሮሯቸውን ጠርገው እንደገና ጀመሩ... ጋሽ ወልደሰንበት ራሳቸውን እያወዛወዙ እስከ መጨረሻው አዳመጡ። እኔ ፊቴን ወደ ባዶው መደርደሪያ አዙሬ አለቀስኩ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 10

አውቶቡሱ ሄደ። ሻንጣውን የተሸከሙት አባባ ናቸው። ጌታ ሆይ፣ ሳይሄዱ ስለደረስኩ ተመስገን።

እሑድ፣ ጥቅምት 25

ገነቴ ባሏን ይዛ ከዳምቦያ መጣች። ከጎረቤት ጋር ሰባት ሆንን። አባባ አዲስ መዝሙር አስተማሩን፤ የራሳቸው ነው፣ በዚህ ሳምንት የወጣ። መስኮቱን ዘግተን ዘመርን። ሰው እንዳይሰማ በእጃቸው ዝቅ፣ ዝቅ ይሉናል። ሦስተኛው አዝማች ላይ ግን የራሳቸው ድምፅ ከፍ አለ...

ዝቅ ይበሉ ያላቸው ሰው አልነበረም።