የዘጠነኛ ክፍል ወረቀት

ጥቅምት 12፣ 2017

ዛሬም እንደ ትናንቱ። ከፓሎ አልቶ ሁለት ባቡር ቀይሬ ኦክላንድ ቤቴ ገባሁ። ሆስፒታሉ ውስጥ አሥራ አራት ክፍል አጸዳሁ። አንዷ ታማሚ “ልጆች አሉሽ?” አለችኝ። “አንድ” አልኩ። ዋሸሁ? አላውቅም።

ገና እግሬን ስዘረጋ ከላይ ጀመረ። ዱብ... ዱብ... የኸድር እግር ነው። ራውዳና ልጇ ከእኛ በላይ ነው የሚኖሩት። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲገባ ቤቱ ይነቃነቃል። ልጄ ሙሀሲን በነበረ ጊዜ በመጥረጊያው እንጨት ጣሪያውን ይመታለት ነበር። ከላይ ሦስት ጊዜ መልስ ይመጣል። ከዚያ ሁለቱም ሳቅ...

አሁን መጥረጊያው ማድ ቤት ጥግ ቆሟል።

ጥቅምት 15

ዓርብ። ባህረዲን የኸድርን ጨዋታ ሊያይ ሄደ። ባሌ፣ የራሱን ልጅ የቀበረ ሰው፣ የሰው ልጅ ሊያይ ሄደ።

በነሱ ፉትቦል ሁሉም ኳሱን በእጁ ይዞ ይሮጣል፣ ይጋጫል። በእግር የሚመታው አንድ ሰው ነው፤ ኪከር ይሉታል። ሙሀሲን ደሴ እግር ኳስ ሲጫወት ስላደገ ኮቹ ለዚያ መረጠው። ኸድር በዓመቱ ከደሴ ሲመጣ ያስተማረው ልጄ ነው። አምና ጥር 20፣ በዝናብ፣ 880 ሃይዌይ ላይ ልጄ ሞተ። ቦታው ለኸድር ሆነ።

ባህረዲን ድምፁ ዘግቶ ተመለሰ። “ከአርባ አራት ያርድ አገባት! ሰማሽ?”

“አልጠየቅኩህም።”

“ጠይባ፣ ልጁ ምን አደረገሽ?”

ምንም። ኖረ። ያደረገኝ እሱን ነው።

ጥቅምት 27

ራውዳ ደረጃውን በሩጫ ወረደች። ነጠላ ጫማዋ አንዱ ደረጃው ላይ ቀረ። “ጠይባዬ! ኮሌጅ ጠራው! ሞንታና! ሙሉ ስኮላርሺፕ!”

ማሻአላህ አልኳት። ደግሜ ማሻአላህ አልኩ፣ የመጀመሪያው ከአፌ ብቻ ስለወጣ። ሁለተኛውም ከአፌ ነበር።

ሞንታና በረዶ ነው። ሩቅ ነው። የሙሀሲን ኮሌጅ በመኪና አራት ሰዓት ነበር። ስሙም ይበልጣል... ከማን ጋር ነው የምወዳደረው?

ኅዳር 9

ራውዳ መጣች። በዝግታ ወረደች ዛሬ።

ኮሌጅ ቢወድህም ዝም ብሎ አይወስድህም። ለኳስ የሚገባውን ልጅ ሁሉ ትምህርቱን የሚመረምር ሌላ መሥሪያ ቤት አለ። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አሥራ ስድስት ዋና ዋና ትምህርት ይቆጥራል። ያውም ዘጠነኛን ከጀመርክ በአራት ዓመት ውስጥ የተማርከውን ብቻ። “ክሊርድ” ካላለህ ሜዳ አትገባም። ይህን ሁሉ በሙሀሲን ጊዜ ተምሬዋለሁ።

“ፋይሉን ሆልድ አድርገው አግደውታል” አለች። “የኦክላንዱ ትምህርት አይቆጠርም ይላሉ። የትምህርት ቤቱ አማካሪ፣ ካውንስለሩ፣ ደግሞ ያበላሸው የጀማሪ እንግሊዝኛ ክላሱ ነው፣ ኦንላይን ክላስ ይጨምር አለ።”

ስልኳን ሰጠችኝ። እንግሊዝኛዬ ትንሽ ነው። ያንን መስመር ግን በቃሌ አውቀዋለሁ። ከአራት ዓመት በኋላ የተወሰደ... ለሙሀሲንም የመጣው ይኸው ነበር፣ ቃል በቃል።

የጀማሪ እንግሊዝኛው አይደለም። የኸድር የዘጠነኛ ክፍል ካርድ ከደሴ የመጣ ነው፤ 2014 ይላል፣ በእኛ አቆጣጠር። እነሱ በራሳቸው አነበቡት። በነሱ 2014 እኮ ኸድር የሰባት ዓመት ልጅ ነው! አሥር ዓመት ሙሉ ሃይስኩል የተቀመጠ መስሏቸዋል።

“የሙሀሲን እንዲህ ብሎ ነበር እንዴ?” አለችኝ።

“አላስታውስም።”

ኅዳር 10

አስታውሳለሁ።

ፎልደሩ አልጋዬ ሥር ነው። ሳን ሆዜ የሚኖሩ አቶ ተገኘ የሚባሉ ሽማግሌ ተርጓሚ አሉ። የልጄን ካርድ ተርጉመው፣ የእኛንና የፈረንጁን ዓመት ጎን ለጎን ጽፈው፣ ማኅተም መቱበት። በእንግሊዝኛ የማስረጃ ደብዳቤም አያይዘውበታል። ችግሩ የዓመቱ መሆኑን ያወቅኩት እኔ ነኝ። ኮቹ አላወቀም፣ ካውንስለሩ አላወቀም፤ ስምንተኛ ክፍል ያቆምኩት እኔ አወቅኩ። ሙሀሲን ያን ቀን አቅፎኝ ማድ ቤት ውስጥ አዞረኝ።

“ክሊርድ” የሚለው መልእክት የመጣው በተቀበረ በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። ስልኩ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ታዲያ ይህንን አውጥቼ ለኸድር ልስጥ? ቦታውን ወሰደ። የልጄን አባት ወሰደ ማለት ይቻላል። ወረቀቱንም?

አሁን ያለው አዲስ ካውንስለር ነው፤ ባህረዲንም የወረቀቱን ነገር ለእኔ ትቶ ምን እንደነበር አልጠየቀም። እኔ ካልነገርኩት ማን ይነግረዋል?

ታኅሣሥ 2

የሙሀሲን መምቻ ጫማ የለም። ሳጥኑ አለ፣ ባዶውን ተከድኗል።

ባህረዲንን ጠየቅኩት። አላንገራገረም። “ከመስከረም ጀምሮ ኸድር ጋ ነው።”

“ሳትነግረኝ?”

“ብነግርሽ እምቢ ትያለሽ።”

እውነቱን ነው። እምቢ እል ነበር። ሦስት ወር ሙሉ የልጄ ጫማ በሰው እግር ሲሮጥ እኔ ባዶ ሳጥን አቧራውን እጠርግ ነበር።

ከእንግዲህ ፎልደሩን አልነካም።

ታኅሣሥ 19

ኸድርን ደረጃ ላይ አገኘሁት። ዓይኑ ቀልቷል። ትምህርት ቤት ይውላል፣ ሲመጣ ኦንላይን ክላስ። ሁለት ክላስ ጨምሯል። “ደህና ነዎት እትዬ ጠይባ?” አለኝ። ከሲታ ሆኗል። ከላይ እንኳ እግሩ አይሰማም፣ ተቀምጦ ነው የሚውለው።

ደስ አለኝ። ይኸው ጻፍኩት፤ ደስ አለኝ። ከዚያ መስገድ አቃተኝ።

ጥር 11

ራውዳ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት። የገዛችው ሽንኩርት አጠገቧ ተበትኗል።

የሞንታናው ኮች እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተስተካከለ ሌላ ኪከር እወስዳለሁ አለ፤ የነሱ ወር ማለቱ ነው። የተጨመሩት ክላሶችም አይቆጠሩም ተባለ። እነሱም “ከአራት ዓመት በኋላ” ናቸዋ።

“ምን እናድርግ ጠይባ? ልጁ እኮ አልሰነፈም።”

ሽንኩርቷን ለቀምኩላት። አንድ በአንድ። መናገር ነበረብኝ። ቃሉ አፌ ጫፍ ደረሰ... “አላህ ያውቃል” አልኩ።

ያውቃል። እኔም አውቃለሁ።

ጥር 20

ዓመቱ ሞላ።

ጠዋት ከባህረዲን ጋር እስከ ዳብሊን በባቡር፣ ከዚያ በአውቶቡስ ሊቨርሞር መቃብሩ ጋ ሄድን። ሣሩ በቅሏል። ከቀትር በኋላ ቤት ዱአ አደረግን። ሰው ሲወጣ ኸድር ቀረ። ነጠላ ጫማ አድርጓል፣ ፌስታል ይዟል።

“ይህ የእርስዎ ነው” አለኝ። ጫማው ነው። ታጥቧል፣ ክሩ እንኳ ታጥቧል።

“ለምን መለስከው?”

“ኦቨር ነው እትዬ፣ አበቃ። ሰኞ መጋዘን ሥራ እጀምራለሁ፣ ከትምህርት በኋላ።”

ዝቅ ስል እግሩን አየሁ። የቀኝ አውራ ጣቱ ጥፍር ጠቁሯል። ግማሹ የለም።

“ምን ሆነህ ነው?”

ሳቀ። “ጫማው አንድ ቁጥር ተኩል ያንሰኛል። ያለ ካልሲ ነበር የምመታው።”

“ያን ሁሉ ጊዜ? ለምን አልተናገርክም?”

“ጋሽ ባህረዲን ይወስዱብኛል ብዬ። ሙሀሲን እኮ ጫማው ለእግሬ እንደማይበቃ ያውቅ ነበር። ‘ያንተ እግር ጫማ ሳይሆን ታንኳ ነው የሚያስፈልገው፣ ውቅያኖሱ ጋ ወስደን እንሸጥሃለን’ ይለኝ ነበር።”

ሳቅኩ። ሳላስበው። በዓመቱ ቀን!

ይህን ቃሉን ሰምቼው አላውቅም ነበር። የልጄን ነገር ሁሉ ጨርሻለሁ ብዬ ነበር፤ ያለኝን ነው ደጋግሜ የማኝከው። ዓመት ሙሉ ልጄ አዲስ ነገር ሲናገር የዛሬው የመጀመሪያው ነው። ኸድር ስንት አለው እንዲህ? በዚህም ቀናሁ። እኔ የሌለኝ ሙሀሲን አለው። መጋዘን ይዞት ሊገባ ነው።

ጫማውን ተቀበልኩት። ሲወጣ እግሩን ሳብ ያደርጋል።

ጥር 21

ፎልደሩን ይዤ ወጣሁ። አሥራ ስድስት ደረጃ ነው። ከአምና ጥር ወዲህ ወጥቼው አላውቅም፤ ሁልጊዜ እሷ ናት የምትወርደው።

“የሙሀሲን ወረቀት ነው” አልኳት። “የኸድርም ችግር ይኸው ነው። የእኛን ዓመት በራሳቸው አንብበውት ነው።”

ራውዳ ቆማ አነበበች። ሁለቱን ዓመት በጣቷ ነካች፣ አንዱን ከዚያ ሌላውን። ገባት። ፊቷ ሲበራ አየሁ። ከዚያ ቀና አለች።

“መቼ አገኘሽው?”

ዛሬ ማለት እችል ነበር። ታምነኝ ነበር።

“አልጠፋብኝም። ስልክሽን ያሳየሽኝ ዕለት አውቄዋለሁ።”

“ኅዳር?”

“ኅዳር 9።”

“ልጄ ዓይኑ እስኪጠፋ ሲያጠና ከታች ሆነሽ ትሰሚ ነበር።”

“እሰማ ነበር።”

“ምን በደልንሽ?”

“ልጅሽ አለ።”

ራውዳ አፏን በእጇ ያዘች። “ውጪልኝ” አለች። ወጣሁ። ግማሽ ደረጃ ስወርድ በሩ ተከፈተ።

“የተረጎሙት ሰውዬ የት ነው ያሉት?”

“ሳን ሆዜ።”

“ነገ ታሳዪኛለሽ።”

በሩ ተዘጋ።

ጥር 22

ራውዳ ነዳች። እኔ ከኋላ ተቀመጥኩ፣ ማንም ሳይለኝ። ኸድር አንዴ እሷን አንዴ እኔን ያያል። ነግራዋለች መሰለኝ... ወይስ አልነገረችውም? ልጠይቅ አልቻልኩም።

ሳን ሆዜ በ880 ቀጥታ ነው። ልጄ ከሞተ ወዲህ ያንን መንገድ በመኪና ሄጄበት አላውቅም። ዓይኔን ጨፍኜ ጠበቅኩ። ስገልጥ ዳብሊን ደርሰናል! ዙሪያውን ነው የሄደችው፣ 880ን ትታ በ680። ኸድር “እማዬ፣ ለምን በዚህ?” ሲላት “ዝም በል፣ አርፈህ ተቀመጥ” አለችው። በመስታወቱም አላየችኝም።

አቶ ተገኘ አርጅተዋል። መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል። ካርዱን አዩና ሳቁ። “ደግሞ ያንኑ የዓመት ጣጣ? እኔ እኮ ከዚህ መሥሪያ ቤት ደሞዝ ሊቆረጥልኝ ይገባል!” እዚያው ጻፉት። ጎን ለጎን፣ እንደዚያኛው።

ማኅተሙን ሲመቱ ወደ እኔ ዞር አሉ። “ያ ጨዋታ የሚያውቀው ልጅሽስ? ወረቀቱ ሠራለት?”

ኸድር መሬት መሬት አየ።

“ሠራለት” አልኩ።

“እሰይ! የታለ አሁን?”

ራውዳ ናት የመለሰችላቸው፣ በቀስታ፣ እኔ እንዳልናገረው። ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። ጠረጴዛው ሥር እጄን ያዘችኝ። ሳታየኝ። አጥብቃ ነው የያዘችው፣ ያማል። ማጽናኛም ቅጣትም ይመስለኛል። አልጎተትኩትም።

ጥር 28

የፊርማ ቀን ነበር፤ ሌሎቹ ልጆች ለየኮሌጃቸው ፈረሙ። የሞንታናው ኮች ደብዳቤውን ሲያይ ትንሽ እጠብቃለሁ ብሏል። እኛም እንጠብቃለን። ራውዳ አልወረደችም።

የካቲት 6

ከእራት በፊት ጣሪያው ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ዝላይ፣ እልልታ፣ የሚንከባለል ነገር... ክሊርድ ሆነ ማለት ነው። ባህረዲን ሳይጫማ ደረጃውን ወጣ።

መጥረጊያውን አነሣሁ። ጣሪያው ጋ አደረስኩት። መልሼ ጥጉ ላይ አቆምኩት። አልቻልኩም።

ግንቦት 30

ራውዳ መጣች። ከጥር ወዲህ የመጀመሪያዋ። “ልጁ ሊሄድ ነው፣ ሻንጣ አብረሽኝ ምረጪ” አለች። ስለዚያ ነገር አላነሣችም። ረስታው አይደለም። እኔም እንድትረሳው አልጠየቅኳትም።

ሻንጣ መረጥን። ሰማያዊ።

ነሐሴ 4

እሑድ። ከላይ ድምፅ የለም። ኸድር ከሄደ ሁለት ወሩ ሊሞላ ነው። ራውዳ ቤቱ ሲከብዳት እኔ ጋ ትወርዳለች። ዛሬ ባቄላ እየፈለፈልን ስልኳ ጠራ። አየችው፣ ቶሎ ተነሣች። ሁልጊዜ እንዲህ ናት፤ እሱ ሲደውል ወጥታ ደረጃው ላይ ነው የምታወራው። ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ እንዳልሰማ ነው።

ቀናሁ? አዎ። የሷ ስልክ ይጠራል።

በሩ ጋ ስትደርስ “ራውዳ፣ ተቀመጪ” አልኳት።

ቆመች። ስልኩ መጥራቱን አልተወም።

“ስፒከር አድርጊው” አልኳት።