ከተቆለፈው ክፍል ስለወጣው ሽታና ስለጠፋችው ካሳነሽ

ለ፦ በዱባይ የኢትዮጵያ ቆንስላ ጽሕፈት ቤት የዜጎች ጉዳይ ክፍል ኃላፊ
ዱባይ

ቀን፦ ሚያዝያ 30 ቀን 2012 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ የቤት ባልደረባዬ ወ/ሪት ካሳነሽ አየለ በሕይወት መኖሯ እንዲጣራልን ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች ረውዳ ዓሊ የወሎ ተወላጅ ስሆን፣ በኢንተርናሽናል ሲቲ ከሰኪና፣ ከራህማና ከካሳነሽ ጋር በአንድ ቤት ቢድ ስፔስ፣ ማለትም የአልጋ ቦታ ብቻ፣ ተከራይቼ እኖራለሁ። በኮሮና በሽታ ምክንያት ባለጉዳይ በአካል ስለማይስተናገድ፣ ይህን ማመልከቻ በእጄ ጽፌና ፎቶ አንስቼ በዋትስአፕ የላክሁ መሆኔን በትሕትና አስታውቃለሁ።

1. ካሳነሽ ዱባይ ማሪና በሚገኝ አንድ ሆቴል የክፍል አጽጂ ናት። የራሱ መታጠቢያ ቤት ያለውን ትንሽ ክፍል እሷ ይዛ፣ እኛ ሦስታችን ሳሎን ነበር የምናድረው። ከቤት እንዳንወጣ እገዳው በወጣ ሰሞን ታስል ነበር። ሰኪና ሐኪም እንድታይ ብትመክራት «ጉንፋን ነው፤ ሹግሉ፣ ሥራው እንዳይቀርብኝ ለማንም እንዳትነግሪብኝ» አለቻት። ሆቴሉ ሠራተኞቹን ሙሀይስና በሚባል ሰፈር ወዳለ ማደሪያ ሊያዛውር መሆኑንም ነግራን ነበር። አንድ ጠዋት ስንነሳ ክፍሏ ተቆልፏል፣ እሷ የለችም። ስልኳም ዝግ ሆነብን። ወደ ማደሪያው ወስደዋታል ብለን ተቀመጥን።

2. ረመዳን ከገባ በኋላ ቤቱ ይሸት ጀመር። መጀመሪያ የጠረጠርነው የራሳችንን መታጠቢያ ቤት ነው። የወለሉን የፍሳሽ ማውረጃ ክዳን አንስተን የተጠራቀመውን ፀጉር አወጣን፣ በረኪና ደፋንበት፣ የመጸዳጃውን ሥር የሚያንጠባጥብ እንዳለ ዳሰስን። ምንም አላገኘንም። ሰኪና ጎንበስ ብላ እያሸተተች ወጣች፣ ሳሎኑን አቋረጠችና የካሳነሽ በር ላይ ስትደርስ ቆመች። ሽታው በበሩ ሥር ነበር የሚወጣው። ቀና ብላ ስታየኝ ምን እንዳሰበች ገባኝ። ካሳነሽ የትም አልሄደችም፣ ውስጥ ናት ብላ ነው። እኔም ያንኑ አስቤ ነበር።

በሩን ደበደብን፣ በስሟ ጠራናት፤ መልስ የለም። ለአከራያችን ብንደውል «በአንድ ቤት ይህን ያህል ሰው መኖር ክልክል ነው። ፖሊስ ከመጣ ኸላስ፣ ሁላችሁም ትወጣላችሁ። ሽታው የራሳችሁ ቆሻሻ ነው» ብሎ ዘጋብን። በዚያ ሰሞን ብንባረር ማን ያስገባናል? በበሩ ሥር እርጥብ ፎጣ ጎስጉሰን እርስ በርስ እየተያየን ዋልን። በማግስቱ ግን «ሰው ሞቶ ከሆነ እንዲህ መተው ሐራም ነው፣ የመጣው ይምጣ» ብዬ የሕንፃውን ጠባቂ ሸፊቅን ለመንኩት። ትርፍ ቁልፍ ይዞ መጣ።

3. ሸፊቅ በሩን ከፈተና ወደ ኋላ ሸሸ። የገባሁት እኔ ነኝ። አልጋው ባዶ ነው። ከአልጋው ሥር አየሁ፣ ቁምሳጥኑን ከፈትሁ፣ የመታጠቢያ ቤቱን በር በእግሬ ገፋሁ። ማንም የለም። ሽታው ግን አላስቆም አለኝ። እዚያ ያለው የወለል ማውረጃ ክው ብሎ ደርቋል። ሥራዬ ባዶ አፓርታማ ማጽዳት ስለሆነ ምክንያቱን ወዲያው አወቅሁ፤ የፍሳሹን ሽታ የሚያግደው ከሥር ባለው ጎባጣ ቱቦ ውስጥ የሚተኛው ውሃ ነው፣ ለሳምንታት ካልተጠቀሙበት ይደርቅና ሽታው ወደ ቤት ይወጣል። አንድ ባልዲ ውሃ ደፋሁበት። ከሰዓት በኋላ ሽታው ጠፋ።

ራህማ «አልሐምዱሊላህ፣ እዚህ የለችም» ብላ አለቀሰች። እኔ ግን የባሰ የፈራሁት ያን ጊዜ ነው። ፓስፖርቷና ልብሷ ሻንጣዋ ውስጥ እንዳለ ነው። ስልኳም መታወቂያዋ ከሽፋኑ ውስጥ እንደተሸጎጠ ትራሷ ሥር ተገኘ። ያለ ስልክ፣ ያለ መታወቂያ፣ በዚያ እገዳ የት ሄደች?

4. ሆቴሏ ስንደውል ከጠፋችበት ሳምንት ጀምሮ ሥራ እንዳልገባችና ከሥራ እንደጠፋች መመዝገቧን ነገሩን። ስልኳን ቻርጅ እንዳደረግነው እናቷ ወሎ ካለችው ሐይቅ ከተማ ደወሉ። «አንቺ ማን ነሽ? ልጄን አቅርቢልኝ» አሉኝ። ያለችበትን እንደማናውቅ ነገርኋቸው። «ድምጿን ብቻ አሰሙኝ፣ ሌላ አልጠይቅም» አሉኝ።

5. ሸፊቅ ካሳነሽ በጠፋችበት ሰሞን ከሕንፃችን አቅራቢያ ባለው አውቶቡስ ማቆሚያ አጠገብ የወደቀች ሴት አምቡላንስ ሲያነሳት አይቷል፤ ማስክ ስላደረገች ከሕንፃው መሆኗን አላወቀም። ሆስፒታሎች ዘመድ ካልሆንሽ ብለው አይነግሩኝም። በመጨረሻ ቤርሳቤህ የምትባል ኢትዮጵያዊት ነርስ በሰው በሰው አገኘሁ። በምትሠራበት ሆስፒታል ስሟ ያልታወቀ ሐበሻ የምትመስል ሴት በመተንፈሻ መሣሪያ ተኝታ እንዳለች ነገረችኝ። ፎቶ እንድትልክልኝ ብለምናት «አይፈቀድልኝም፣ እህቴ። ከቆንስላ ሰው ይምጣና ይያት። ግን ቶሎ ይሁን» አለችኝ። ለምን ቶሎ እንዳለችኝ አልጠየቅኋትም፤ ፈራሁ።

ስለሆነም ክቡርነትዎ ሰው መድበው ያቺን ሴት እንዲያስለዩልን በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ። ካሳነሽ ዕድሜዋ ሃያ ሰባት ነው፣ ጠይም ናት፣ በግራ ክንዷ ላይ የካውያ ጠባሳ አለባት። እሷ ከሆነች ታማ እንጂ ጠፍታ እንዳልሆነ ለሆቴሏ እንዲጻፍልን፣ ለእናቷም ሁኔታዋ እንዲነገርልን እጠይቃለሁ። ሞታ ከሆነም የተቀበረችበት ቦታ ይነገረን።

ጠባሳው ካልተገኘ፣ ያቺ ሴት የእኛ ካሳነሽ አይደለችም ተብሎ እንዳትተው አደራ። የእሷም እናት የሆነ ቦታ ስልክ እየደወሉ ይሆናል።

መልስዎን በጭንቀት ከምትጠብቅ ዜጋ፣
ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

ረውዳ ዓሊ
(ፊርማ)