ሁለት ጊዜ የተቀዳ ደም

ይድረስ ለልጄ ለየሺዋስ ይርዳው፤ ጋምቤላ።

እንደምን ከርመሃል ልጄ? የቆላው ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ወባው ተመልሶብህ እንደሆነ አትደብቀኝ፤ አጎበሩንስ በእርግጥ ትዘረጋዋለህ ወይስ ለእኔ በስልክ ብቻ ነው የምትዘረጋው? እኔ ከጉልበቴ በቀር አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። ብርዱ ገብቷል፤ ገብሱም ታጭዷል።

ይህን በስልክ ልነግርህ ሞክሬ ነበር። የሚስትህን የስመኝን ስም ባነሣሁ ቁጥር ግን መስመሩ ይቋረጣል። ስለ ከብቱ ስናወራ አይቋረጥም። ስለዚህ ጻፍኩ።

የነገሩን መነሻ ከእኔ ስማ። ሴት በወር አበባዋ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን እንደማትገባ ታውቃለህ። ምራቴ ከፋሲካ ወዲህ አንድም እሑድ ሳትገባ ደጅ ስትቀር አላየሁም። ለፋሲካ መጥተህ ነበርና አረገዘች ብዬ በልቤ ደስ አለኝ። ሆዷ ግን አልገፋም። ያን ጊዜ ጠረጠርኳት። “አንቺ ልጅ፣ ወይ የወሊድ መከላከያ መርፌ በስውር ትወጊያለሽ፣ ወይ ታቦት ትደፍሪያለሽ፤ የቱ ነው?” አልኳት። አለቀሰችና “እማማ፣ ሁለቱም አይደለም፤ ከቀረብኝ ቆየ” አለችኝ። ሌሊት በዚህ በጉና ተራራ ብርድ ልብሷን ጥላ በላብ እንደምትጠመቅም ነገረችኝ። ገና ሠላሳ ዓመቷ ነው።

ሐኪም ቤት ወሰድኳት። እርጉዝ አለመሆኗንና መርፌም አለመወጋቷን ካረጋገጡ በኋላ የሆርሞን ምርመራ አዘዙላት። ሆርሞን ሰውነት በደም ውስጥ የሚልከው መልእክተኛ ነው አሉኝ። ውጤቱ ከፍተኛ ነው ሲሉን እኔ እንደ ፈተና ነጥብ ቆጥሬ “ተመስገን” አልኩ። ሐኪሟ ግን “አይደለም እማማ፤ አንጎል እንቁላል ማምረቻውን ሥራ ብሎ ያዝዘዋል፤ መልስ ሲያጣ እየጮኸ ይጣራል። ይህ ቁጥር ጩኸቱ ነው” አለችኝ። በአንድ ምርመራ አይፈረድም፣ ከወር በኋላ ይደገማል ብላ መለሰችን።

እኔ አላመንኩም። የሌላ ሴት ደም ይሆናል ብዬ በሁለተኛው ጊዜ ተከትያት ገባሁ፤ ብልቃጡ ላይ ስሟ እስኪጻፍ ድረስም አልተነቃነቅሁም። ደም የሚቀዳው ሰው “እማማ፣ ፈተና ሊቆጣጠሩ ነው የመጡት?” ቢለኝ “አዎን፤ አንተም ወደ ጎን አትይ” አልኩት። ስመኝ ስትስቅ ያየኋት ከስንት ወር በኋላ ያን ቀን ነው። ውጤቱ ግን ያው ሆነ። እንቁላል ማምረቻዋ ያለ ጊዜው ደክሟል። የመውለድ ዕድሏ ጠባብ ነው፤ ጨርሶ ተዘግቷል ግን አላሉም። አጥንቷና ልቧ እንዳይጎዳ የጎደለውን ሆርሞን የሚተካ መድኃኒት ሰጥተዋታል፤ ሌሎች ሴቶች በተፈጥሮ እስከሚያርጡበት ዕድሜ ድረስ ትወስደዋለች።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። የመጀመሪያውን ውጤት ስመኝ ራሷ ደውላ ነገረችህ። ሁለተኛው ምርመራ ሳይደረግ ባልንጀራህን ደምሴን “ወደ አንበሳሜ፣ ወደ አባቷ ቤት ትመለስ” ብለህ ላክህብን። ሐኪም ያልፈረደውን አንተ ፈረድክ። እንዴት ናት ብለህ እንኳ አልጠየቅህም። መልስህ አስቀድሞ ተሰናድቶ የቆየ ይመስላል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና እጠይቅሃለሁ፤ እዚያ ሌላ ቤት ጀምረሃል? የእሷን ደም ቆሜ አስቀድቻለሁ፤ የአንተን ልብ ግን በብልቃጥ የሚያመጣልኝ የለም። ለጥምቀት ና፤ ሐኪሟ ፊትም አብረሃት ተቀመጥ። ብትመጣም ብትቀርም ስመኝ ከዚህ ቤት አትወጣም።

አክስትህ አሰለፈች ጉንጭህን ትስማለች። እህትህን ማሬን ናፍቀሃታል። ጎረቤታችን እሸቴ ቀይዋ ላም ወለደች በይልኝ ብሏል። ስመኝ ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። “ምን ልበልልሽ?” ብዬ ሁለት ጊዜ ጠየቅኋት፤ እንዝርቷን ማሾሯን ቀጠለች። ያላለችውን አልጽፍም።

እናትህ ጥሩወርቅ
ደብረ ታቦር፣ ኅዳር 23 ቀን 2010 ዓ.ም.