የጋሼ ፉርጎ ባቡርና የመኝታ ቤቱ በር

ዛሬ የምንሸኛቸው አጎታችን፣ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ፉርጎ እያለ የሚጠራቸው፣ ከልብስ ሰፊው አባታቸውና ከአዋላጇ እናታቸው በባቡር ሐዲድ ዳር ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ባቡር ባለፈ ቁጥር መደርደሪያው ላይ ያለው ብርጭቆ ሁሉ ይንጫጫ ነበርና፣ እናታቸው "ይሄ ልጅ ያለ ባቡር ድምፅ እንቅልፍ አይወስደውም" ይሉ እንደነበር በቤተሰቡ ይነገራል። የእናት ቃል ሆነና ነገሩ እስከ እርጅና አብሯቸው ዘለቀ።

ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤት እንዳጠናቀቁ ባቡር ነጂ ለመሆን አመለከቱ። ዓይናቸው ቀይና አረንጓዴ መብራትን በደንብ ስለማይለይ ሳይቀበሏቸው ቀሩ። አጎታችን ቂም የሚይዙ ሰው አልነበሩም። ጥቂት ከከፋቸው በኋላ ሰው ሠራሽ ጥርስ የመሥራት ሙያ ተማሩና፣ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በአንድ የጥርስ ክሊኒክ የጓሮ ክፍል ከጀሶና ከሰም ጋር ኖሩ።

የእጃቸው ሥራ እንከን የማይወጣለት ነበር። ታዲያ አክስታችን እናታቸውን ጥርስ ሊያሠሩ ይዘው በመጡ ጊዜ ምን እንደነካው አይታወቅም፣ ያ የማይሳሳት እጅ ደጋግሞ ተሳሳተ። ጥርሱ አንዴ ይጠባል፣ አንዴ ይሰፋል፣ "ደግሞ በሳምንት ተመለሱ" ይባላል። በመጨረሻ አሮጊቷ ትዕግሥታቸው አልቆ "ይሄ ልጅ ወይ ሥራውን አያውቅም፣ ወይ ልጄን ፈልጓታል። ቁርጡን ይናገርና እኔም እንደ ሰው ላኝክበት" አሉ። አጎታችንም ቁርጡን ተናገሩ። ጥርሱ በማግስቱ ልክ ሆኖ ተገኘ፤ ጋብቻውም ብዙ ሳይቆይ ተፈጸመ። በትዳራቸው አንድ ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

ልጆቹ ነፍስ ሲያውቁ አጎታችን የልጅነት ምኞታቸውን በትንሹ ጀመሩ፤ በትንሹ ግን አልቀረም። ለመጀመሪያው የመጫወቻ ባቡር ራስ ሞተር ከተበላሸ ቴፕ አወጡለት፤ ጎማዎቹን በጥርስ መሞረጃው ማሽን አለሰለሱ፤ ፉርጎዎቹን የሚያያይዘው ጥርስ የሚታሰርበት ሽቦ ነበር። ተራራው የተሠራው ከክሊኒክ በተረፈ ጀሶ ስለሆነ፣ ጠጋ ብሎ ላስተዋለው ሰው ከገደሉ መሀል የአንድ ጎረቤት መንጋጋ ብቅ ይላል። ሳሩን ራሳቸው ቀቡትና ቀይ ሆነ። እንግዳ ሁሉ በይሉኝታ "እንዴት ያምራል" እያለ ከቆየ በኋላ፣ እውነቱን የነገሯቸው አክስታችን ናቸው። ከዚያ ወዲህ ቀለም የሚመረጠው በአክስታችን ዓይን ነበር።

ቤቱ ጠባብ ስለነበር ሐዲዱ መኝታ ቤት ገባ። በአራቱም ግድግዳ፣ በደረት ቁመት፣ አልጋውን መሀል አድርጎ ይዞራል። እንዲዞር ደግሞ በሩን ማቋረጥ ነበረበትና እዚያ ላይ ድልድይ ሠሩ። ያንን ድልድይ በጥርስ ሽቦ፣ ዘንግ በዘንግ እየበየዱ ዓመታት ፈጅተውበታል። መጀመሪያ በማጠፊያ የሚነሳ አድርገውት ነበር፤ ሐዲዱ የፀጉር ያህል እየሳተ ባቡሩ ሲወድቅባቸው ግን በብሎን ቀረቀሩት። ባቡራቸው አንዴ ከተነሳ ሳይቆም መዞሩ ትልቁ ኩራታቸው ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደዚያ ክፍል ጎንበስ ሳይል የሚገባ አልነበረም፤ አክስታችንም ወደ ገዛ አልጋቸው የሚሄዱት አጎንብሰው ነው። አማቻቸው የመጀመሪያ ቀን ሲመጣ በቅጡ ባለማጎንበሱ ግንባሩን መታው፤ አጎታችን መጀመሪያ ድልድዩን፣ ቀጥለው ግንባሩን ተመለከቱ። ልጁ ይህንን ሳይቀየም ማግባቱ ጨዋነቱን ያሳያል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አክስታችን የጀርባ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ሐኪሙ ከእንግዲህ ማጎንበስ እንደሌለባቸው አጥብቆ አስጠነቀቀ። አክስታችን ሆስፒታል ሳሉ አጎታችን መላ ዘየዱ። የሐዲዱን እግሮች በሙሉ በጣውላ አስረዘሟቸው፤ ድልድዩ ከአክስታችን ራስ በላይ እንዲያልፍ መሆኑ ነው። ባቡራቸውን ለማየት ራሳቸው በርጩማ ላይ መውጣት ግድ ሆነባቸው፤ እሱን ምንም አላሉትም። የአክስታችንን ቁመት ግን የወሰዱት በግምት ነበር። በዚያ በር ሲገቡ ያዩዋቸው ዕድሜ ልካቸውን አጎንብሰው ነውና አሳጠሯቸው።

አክስታችን በልጃቸው ተደግፈው፣ ቀጥ ብለው መጡ። ድልድዩ ግንባራቸው ላይ ደረሰ። ሁላችንም ባለንበት ቆምን። አክስታችን "ግድ የለም፣ ሳሎን ይነጠፍልኝ። የስንት ዘመን ልፋትህን በእኔ ምክንያት እንዳትነካው" አሉ። አጎታችን የሚስታቸውን ትክክለኛ ቁመት በዚያ በር ላይ ያዩት ያን ጊዜ ነው፤ በጣም አፈሩም፣ በጣም አዘኑም። መጋዝ አመጡ። ልጆቻቸው "ቀስ ብለን እንፍታው፣ ብሎኑን እናላላው" ቢሏቸውም፣ ብሎኑ ዝጎ ነበር፣ አክስታችንም ለረጅም ጊዜ መቆም አይችሉም ነበር። ድልድዩን ከሁለቱም ጫፍ ቆርጠው አወረዱትና "ግቢ" አሏቸው። አክስታችን ቀጥ ብለው ገቡ።

ጥቂት ሳምንታት ሐዲዱን ሳይነኩት ቆዩ። ኋላ ግን እንጨትና ቀለም ያዘጋጁ ጀመር። ሐዲዱን ወደ ቦታው ዝቅ አድርገው፣ በበሩ ቀኝ አንድ ጣቢያ፣ በበሩ ግራ ሌላ ጣቢያ ሠሩ። ባቡሩ ከቀኙ ተነስቶ፣ ተራራውን ወጥቶ፣ አልጋውን ዞሮ ግራው ላይ ይቆማል። አክስታችን "አንድ እርምጃ ለማይሞላ መንገድ ይሄን ሁሉ ዞሮ" እያሉ ይስቁባቸው ነበር። አጎታችንም ባቡር ከቆመ በኋላ የሚሰማው ፀጥታ ከሚሄድበት ድምፅ እንደማይተናነስ ለመጣው ሁሉ ይናገሩ ነበር። የመጨረሻዎቹ ዓመታት ለሁለቱም የደስታ ዓመታት ነበሩ።

አጎታችን በልብ ድካም ከአልጋ ሲውሉ ባቡሩን የሚነዱት አክስታችን ሆኑ። መቆጣጠሪያውን ቀድሞ ነክተውት አያውቁምና ያፈጥኑታል፤ ባቡሩም ኩርባው ላይ ይገለበጣል። ባቡሩን አታፍጥኑት እያሉ ልጆቻቸውን ስንት ጊዜ የገሠጹ ሰው፣ አክስታችንን አንድ ቀን እንኳ "ቀስ በይ" አላሏቸውም። "ተሳፋሪው ደህና ነው፣ አንሺው" ይሉና ይስቃሉ። ሲታመሙ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ በዚያው አልጋ ላይ፣ አክስታችን እጃቸውን እንደያዙ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

አጎታችን ከባለቤታቸው በተጨማሪ ሁለት ልጆችን፣ አንድ አማች፣ አንዲት ምራትና የልጅ ልጆችን ትተው አልፈዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በመልካም ስፍራ ያኑርልን፤ ለአክስታችን ጤናና ብርታት፣ ለሁላችንም መጽናናትን ይስጠን።

ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ አክስታችንን ምን እንጻፍ ብለን ጠይቀናቸው ነበር። "ባቡር ይወድ ነበር ብላችሁ አትድከሙ፤ እሱን ማን ያጣዋል። መጋዙን ሲያነሳ እጁ አልተንቀጠቀጠም ብላችሁ ጻፉልኝ" አሉን።

አልተንቀጠቀጠም።